የትኛው እድፍ ነው? በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ የአሮጌ ሸክላ ጽዳትና አያያዝ

(በፋኩልቲው ለሕዝብ ክፍት የንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ በተናጋሪው የታረመ)



ንግግሬን በአንድ ጥፋቴ ልጀምር። ከልጅነቴ ጥቂቱን ያሳለፍኩት መንዝ ውስጥ፣ አያቴ ቤት ነው። በኅዳር ወር አንድ ምሽት፣ ውኃ የያዘ እንስራ ወደ ቤት እንዳስገባ ታዝዤ ጨዋታ አዘናግቶኝ ደጅ አሳደርኩት። ሲነጋ ሜዳው በውርጭ ነጥቶ፣ የእንስራው ሆድ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቆ፣ ውኃው ፈስሶ አገኘነው። አለንጋ ስጠብቅ አያቴ ስንጥቁን በጣታቸው እየዳሰሱ፣ «ዛሬ አይደለም የተሰነጠቀው፤ ዛሬ ታየ እንጂ» አሉኝ።

ያን ጊዜ ሊያጽናኑኝ የተናገሩት መስሎኝ ነበር። ስለ ሸክላ ጠባይ መማር ከጀመርኩ በኋላ ግን አነጋገራቸው ማጽናኛ ብቻ ሳይሆን ትክክለኛ ዕውቀት እንደነበረ ተረዳሁ። ሸክላ የሚጎዳው ቀስ በቀስ ነው፤ ጉዳቱ የሚታየው በመጨረሻ ነው። ከሁሉ የሚያሳዝነው ደግሞ፣ ብዙውን ጊዜ ጉዳቱን የሚያደርሰው ቸልታ ሳይሆን «ላጽዳው» ብሎ የተነሣ ደግ እጅ መሆኑ ነው። እንግዲህ የዛሬው ንግግሬ አንድ ነገር ብቻ ለማስረዳት ነው፤ ይኸውም አሮጌ ሸክላን ከማጠባችን በፊት «ይህ እድፍ የትኛው ነው?» ብለን መጠየቅ እንዳለብን ነው።

ሸክላ ምንድን ነው?

ሸክላ ሠሪዋ ጭቃውን ስታቦካ የተፈጨ ገል ወይም አሸዋ ትቀላቅልበታለች። ይህ ቅልቅል ጭቃው ሲደርቅም ሆነ በእሳት ሲጠበስ እንዳይሰነጠቅ ይረዳዋል። ከዚያ በኋላ ዕቃው ደርቆ፣ በጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም በሌላ ለስላሳ ነገር ተፍቆ፣ በኩበትና በእንጨት በሜዳ ላይ ይቃጠላል። እንዲህ ያለው የሜዳ እሳት ብዙውን ጊዜ ከ600 እስከ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። ጭቃው ዳግም በውኃ እንዳይሟሟ ለማድረግ ይህ ሙቀት ይበቃል፤ አካሉን አቅልጦ እንደ መስታወት ለመድፈን ግን አይበቃም። ስለዚህ የእንስራ ግድግዳ በዓይን በማይታዩ እልፍ ቀዳዳዎች የተሞላ ነው።

በሌላው ዓለም ስለ ጥንታዊ ሸክላ አጠባበቅ የተጻፉት መመሪያዎች አብዛኞቹ የሚናገሩት ስለ ሌላ ዓይነት ሸክላ ነው። በቱርክ ኢዝኒክ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ይሠሩ የነበሩት የግድግዳ ንጣፎች፣ ወይም የፖርቱጋል ሰዎች አዙሌዡ የሚሏቸውና በሊዝበን የራሳቸው ብሔራዊ ሙዚየም ያላቸው ባለ ቀለም ንጣፎች ፊታቸው በእሳት በቀለጠ የመስታወት ልባስ የተሸፈነ ነው። ልባሱ እስካልተሰነጠቀ ድረስ በለስላሳ ጨርቅ፣ በንጹሕ ውኃና በቀላል ሳሙና ቢታበስ ብዙም አይጎዳም፤ እድፉ ከላይ ነውና። የእኛ እንስራ፣ ጋን፣ ማሰሮና ወጭት ግን ልባስ የላቸውም። በእነርሱ ላይ የሚፈስሰው ውኃ፣ ሳሙናና አሲድ ከላይ አይቀርም፤ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ለተለበጠ ንጣፍ የተጻፈውን ምክር እንዳለ ወስደን ያልተለበጠ ጋን ላይ ብንሠራበት፣ ለቆርቆሮ የታዘዘውን ለሣር ክዳን ማዋል ይሆንብናል።

አንድ ጠባይ፣ ሁለት አገር

ይህ የቀዳዳዎቹ ነገር ጥቅምም ጉዳትም አለው። ከዓለም ከተማ ወደ ጀማ ሸለቆ በሚያዘቀዝቀው የመርሐቤቴ ቆላማ ክፍል ሰው ውኃን በሸክላ ማስቀመጡን ይመርጣል፤ ምክንያቱም ውኃው በግድግዳው አልፎ ላዩ ላይ ሲተን ሙቀት ይዞ ስለሚሄድ የቀረው ይቀዘቅዛል። ሸክላው ያልበዋል እንላለን።

ያው እንስራ ከ3,000 ሜትር በላይ ወደ ሆነው የመንዝና የግሼ ደጋ ሲወጣ፣ ያው ጠባዩ ይከዳዋል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ብሎ አየሩ ደረቅ በሚሆንባቸው ሌሊቶች፣ ደጅ ያደረ እርጥብ ሸክላ ከአየሩ ይልቅ ይበርዳል። በቀዳዳዎቹ ውስጥ ያለው ውኃ ወደ በረዶ ሲለወጥ መጠኑ በመቶ 9 ያህል ይጨምራል፤ መስፊያ ሲያጣ ግድግዳውን ከውስጥ ይገፋዋል። በማግስቱ ፀሐይ ያቀልጠዋል፤ ማታ ደግሞ እንደገና ይጠጥራል። በየሌሊቱ የሚከፈተው ስንጥቅ ከጸጉር የቀጠነ ነው፤ አንድ ቀን ግን ሁሉም ይገናኛሉ። የአያቴ ቃል ትርጉሙ ይህ ነበር።

ስለዚህ ለመንዝና ለግሼ ቤቶች የመጀመሪያው የጥበቃ ሕግ የሚመለከተው ጽዳትን ሳይሆን ማደሪያን ነው። አሮጌ ሸክላ እርጥብ ሆኖ ደጅ አይደር። ከታጠበ በጥላ፣ ነፋስ በሚያገኘው ስፍራ አፉን ወደ ጎን አድርጎ ፈጽሞ ይድረቅ። ፀሐይ ላይ ወይም ምድጃ ዳር ፈጥኖ እንዲደርቅ ማድረግም አይገባም፤ አንዱ ጎን ሲሞቅ ሌላው ቀዝቃዛ ሆኖ ይቀርና ግድግዳው ይሳሳባል።

እናቶቻችን የሚያውቁት ጥበቃ

አዲስ ሸክላ ገዝቶ ሳያሟሽ ሥራ ላይ የሚያውል ባለሙያ የለም። አዲስ ድስት የእህል ነገር ይፈላበታል፤ ስታርቹ ወደ ቀዳዳዎቹ ገብቶ ይደፍናቸዋል። አዲስ ምጣድ በተወቀጠ ጎመን ዘር እየታሸ ይጋላል፤ በየጋገራውም በማሰሻ ይታሰሳል። ከዘሩ የሚወጣው ዘይት በሙቀት ወፍሮ በምጣዱ ፊት ላይ ጥቁርና ለስላሳ ሽፋን ይሠራል፤ እንጀራው ሳይጣበቅ የሚነሣው በዚህ ነው። የጠላ ጋን በግራዋ ቅጠል ይታጠባል፣ በወይራ ጢስ ይታጠናል። ጢሱ መዓዛ ከመስጠቱ ሌላ፣ በቀዳዳዎቹ ውስጥ ተሸሽገው ጠላውን ሊያበላሹ የሚችሉ ረቂቃን ነፍሳትን ያዳክማል።

እነዚህን ሁሉ ስንመለከት፣ ባህላዊው አያያዝ ሸክላውን እርቃኑን ለማስቀረት ፈጽሞ እንዳልደከመ እናስተውላለን። እንዲያውም የጎደለውን ልባስ በዘይት፣ በእህልና በጢስ ይተካለታል። የሃምሳ ዓመት ምጣድ ጥቁረት ቆሻሻ ሳይሆን የሃምሳ ዓመት ሥራ ነው። ከከተማ የመጣ ልጅ የእናቱን ምጣድ በብረት ሽቦ ፈግፍጎ «አጸዳሁልሽ» ቢላት፣ ያጸዳላት ምጣድ እንደገና እንደ አዲስ መሟሸት ይኖርበታል።

ሦስቱ እድፎች

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንመለስ። በአሮጌ ሸክላ ላይ የምናየውን እድፍ በሦስት ብንከፍለው ይበጃል።

የመጀመሪያው የሠሪዋ አሻራ ነው። የፍቅታው ልስላሴ፣ በእሳቱ ጊዜ ነበልባል የነካው ጥቁር ነጥብ፣ በጭቃው ላይ የቀረ የጣት ምልክት ከዚህ ይመደባሉ። እነዚህ የዕቃው አካል ናቸውና አይነኩም።

ሁለተኛው የአገልግሎት አሻራ ነው። በድስቱ ሥር ያለው ጥላሸት፣ በጋኑ ውስጥ የደረቀው አተላ፣ በቅቤ ማስቀመጫው ግድግዳ የሠረገው ስብ የዚህ ወገን ናቸው። ቅባት በሸክላ ቀዳዳ ውስጥ ለመቶዎች፣ አልፎም ለሺህዎች ዓመታት ሊቆይ ይችላል። ተመራማሪዎች ከአንዲት ገል ጥቂት ዱቄት ወስደው ዕቃው ወተት ወይም ሥጋ ይበስልበት እንደነበረ መለየት ችለዋል። ስለዚህ ከአገልግሎት ወጥቶ ለመታሰቢያ የተቀመጠ ዕቃ ውስጡ መታጠብ የለበትም።

ሦስተኛው ጠላት የሆነው እድፍ ነው፤ ከአገልግሎት በኋላ የመጣ አቧራ፣ የወፍና የአይጥ ኩስ፣ ሻጋታ፣ የቀለም ጠብታና ጨው። የሚወገደው ይህ ብቻ ነው።

ከእነዚህ መካከል ስለ ጨው ለብቻው ልናገር። ከብትና ሰው አብረው በሚያድሩበት ቤት ወለል ላይ ለዓመታት የተቀመጠ ጋን ከመሬቱ እርጥበት ጋር ጨው ይስባል፤ አሞሌ ወይም ጨው የተቀመጠበት ማሰሮም እንዲሁ ነው። አየሩ ሲደርቅ ጨው ከሸክላው ፊት ሥር ድንጋይ እየሆነ ይጠጥርና ገጹን እንደ ቅርፊት ያስነሣዋል። ምልክቱ ነጭ፣ አመዳይ የመሰለ ብናኝ ነው። ይህን ያየ ሰው ወዲያው እርጥብ ጨርቅ ያነሣል፤ ጨርቁም ብናኙን ያጠፋዋል። ሆኖም ጨው አልሄደም፤ ሟሙቶ ወደ ውስጥ ተመልሷል፤ ነገ እንደገና ይወጣል፣ በወጣ ቁጥርም ጥቂት ሸክላ ይዞ ይወጣል። የሚሻለው በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ጠርጎ ዕቃውን ከመሬት አንሥቶ በጣውላ ላይ ማስቀመጥ ነው። ጨውን በተጣራ ውኃ እያለዋወጡ አሟሙቶ ማውጣት ይቻላል፤ ነገር ግን በሚገባ ያልተቃጠለ ሸክላ በውኃ ውስጥ ሊፈርስ ስለሚችል ይህ ሥራ ለባለሙያ መተው አለበት።

በቤት ውስጥ እንዴት እናጽዳ?

በመጀመሪያ ዕቃውን ሳትነኩት ተመልከቱት፤ ብትችሉ በየጎኑ ፎቶግራፍ አንሡት። ከዚያ ለስላሳ ነገር በተነጠፈበት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት። ከጆሮው ወይም ከአፉ ይዛችሁ አታንሡት፤ አንድ እጃችሁ ከሥሩ፣ አንዱ ከጎኑ ይሁን። በጣታችሁ ጫፍ ቀስ ብላችሁ አንኳኩት። ገበያ ላይ እናቶች ገንቦ ሲገዙ እንደሚያደርጉት ድምፁን አዳምጡ፤ ጥርት ያለ ድምፅ ጤንነትን፣ የታፈነ ድምፅ የተሸሸገ ስንጥቅን ያመለክታል።

ቀጥሎ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ከላይ ወደ ታች አቧራውን ጥረጉ። ከአሥር ዕቃዎች ለአብዛኞቹ ሥራው እዚህ ላይ ያበቃል፤ ማብቃቱም መልካም ነው።

ይህ ካልበቃ ብቻ፣ በማይታይ ስፍራ አንዲት ጠብታ ንጹሕ ውኃ አድርጉበት። ጠብታዋ ወዲያው ከተዋጠች ሸክላው ጠጪ ነውና በውኃ አትንኩት። ከቆየች፣ ጥጥ በውኃ አርጥባችሁ፣ ጨምቃችሁ፣ በጣት ጥፍር ልክ ስፍራ ላይ ሞክሩ። ጥጡ ቀይ ወይም ጥቁር ቀለም ይዞ ከተነሣ ዕቃው ራሱ እየተነሣ ነው፤ ቁሙ። ካልሆነ በትንሽ በትንሹ፣ ጥጡን ቶሎ ቶሎ እየቀየራችሁ ቀጥሉ።

ፈጽሞ የማይደረጉትን ልዘርዝር። ዕቃውን ውኃ ውስጥ አትዘፍዝፉ። ሎሚና ኮምጣጤ አታስነኩ፤ አሲዱ በሸክላው ውስጥ ያለውን የኖራ ዘር ይበላዋል። በረኪናና የዱቄት ሳሙና አትጠቀሙ፤ ሁለቱም በቀዳዳዎቹ ውስጥ ጨው ትተው ይሄዳሉ። አሸዋ፣ አመድና የብረት ሽቦ ፍቅታውን ያጠፋሉ። ለማብረቅ ብላችሁ ቫርኒሽ ወይም ቅቤ አትቀቡ፤ ቫርኒሹ እርጥበትን ከውስጥ ያፍናል፣ ቅቤው አቧራ ይሰበስባል።

ቢሰበርስ? በየሱቁ በሚሸጠው ፈጣን ማጣበቂያ አትለጥፉት። አንዴ ጠማማ ሆኖ ከተጣበቀ ለማላቀቅ ሲሞከር ገሉን ይዞ ይቀደዳል። ሲሚንቶም ከሸክላው ይልቅ ጠንካራ ስለሆነ በሙቀትና በቅዝቃዜ ጊዜ አጠገቡ ያለውን ይሰብራል፤ ጨውም ይሰጠዋል። በሙዚየም ያሉ ባለሙያዎች ፓራሎይድ ቢ-72 የሚባል ሙጫ በአሴቶን አሟሙተው ይጠቀማሉ። የተመረጠበት አንዱ ምክንያት ከብዙ ዓመት በኋላም በአሴቶን ተመልሶ ሊላቀቅ መቻሉ ነው። ነገ የተሻለ ዘዴ ሊገኝ ይችላልና ዛሬ የምንሠራው ሊፈታ የሚችል መሆን አለበት። በቤታችሁ ግን ማድረግ የሚገባችሁ ቁርጥራጮቹን አንዳቸው ከአንዳቸው እንዳይፋተጉ እያንዳንዱን በወረቀት ጠቅልላችሁ በአንድ ሣጥን ማኖር ነው።

ከመሬት የወጣ ሸክላ

እስካሁን የተናገርኩት በቤት ስላለው ነው። በመንዝና በአካባቢው ግን አራሽ በሞፈሩ፣ መንገድ ሠራተኛ በዶማው የሚያወጣው ሌላ ሸክላ አለ። ፈረንሳውያኑ አርኪዮሎጂስቶች ፍራንስዋ ግዛቪዬ ፎቬልና በርትራን ፖይሶኒዬ እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ከ10ኛው እስከ 14ኛው ክፍለ ዘመን በዚህ ደጋ የኖረና ሙታኑን በታላላቅ የድንጋይ ክምሮች ሥር የቀበረ ማኅበረሰብ እንደነበረ አስረድተዋል፤ «የሻይ ባህል» ብለውም ሰይመውታል። ይህ ሕዝብ ክርስቲያንም እስላምም አልነበረም። ከሙታኑ ጋር ካኖራቸው ነገሮች መካከል የሸክላ ዕቃዎችና የመስታወት ዶቃዎች ይገኛሉ። ስለ ራሱ የተወልን ጽሑፍ የለም፤ የሚናገርልን ሸክላው ነው።

እንዲህ ያለውን ዕቃ ያገኘ ሰው ከሁሉ በፊት አይጠበው። በውስጡ ያለው አፈር ከቆሻሻ ይልቅ የደብዳቤ ያህል ይቆጠራል፤ የእህል ፍሬ፣ ከሰል፣ ቅባት ሊኖረው ይችላል። ሁለተኛ፣ እሳት አያሳየው። ሸክላ ከተቃጠለበት ቀን ጀምሮ በማዕድኖቹ ውስጥ ከአካባቢው ጨረር የሚመጣ ኃይል ያጠራቅማል፤ በቤተ ሙከራ ሲሞቅ ያን ኃይል በብርሃን መልክ ይለቀዋል፤ ከብርሃኑ መጠንም ዕድሜው ይገመታል። ስለዚህ አንድ ሰው ያገኘውን ማሰሮ ምድጃ ላይ ቢጥደው የሺህ ዓመቱን ሰዓት ወደ ዜሮ ይመልሰዋል። ሦስተኛ፣ ከቦታው አያንቀሳቅሰው። በየት፣ በምን ጥልቀት፣ ከምን ጋር እንደተገኘ ካልታወቀ ዕቃው ድዳ ይሆናል። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992ም በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው እንዲያስታውቅ ያዛል፤ ለወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት መንገር የመጀመሪያው እርምጃ ነው።

የሠሪዋ እጅ

ንግግሬን ከመፈጸሜ በፊት ከብሩሽና ከጥጥ የከበደ አንድ ጉዳይ አለ። ሸክላን እንወዳለን፤ የሠሪዋን ስም ግን ለዘመናት አክፍተናል። ጠይብ፣ ቡዳ እያልን ከማኅበራችን፣ ከጋብቻችን አርቀናታል። ዐፄ ምኒልክ ባለ እጆችን መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ ማስነገራቸው፣ ነገሩ ምን ያህል ሥር ሰድዶ እንደነበረ ያሳያል። በአዲስ አበባ ቀጨኔ የሚኖሩ የሸክላና የሽመና ባለሙያዎች ብዙዎቹ የዘር ሐረጋቸውን ወደ ሰሜን ሸዋ ይቆጥራሉ። ያን ዕውቀት ይዘው የመጡት ከብዙ ንቀት ጋር ነው።

ይህን የማነሣው ከርእሴ ወጥቼ አይደለም። ጀሪካንና የብረት ድስት በየቤቱ ከገቡ ወዲህ ሸክላ ሠሪዋ ገበያዋ ጠብቧል፤ ልጇም ስድቡን ላለመውረስ ሙያውን ትሸሻለች። የየትኛው ወንዝ ዳር ጭቃ ከየትኛው ጋር እንደሚቀላቀል፣ እሳቱ መቼ እንደሚበቃው የምታውቀው እርሷ ናት። እርሷ ከሌለች በእጃችን የቀረውን አሮጌ ዕቃ ልናቆየው እንችላለን፤ ልንረዳው ግን አንችልም። አንድን ጋን በጥንቃቄ እየጠረጉ የሠራችውን ሴት መናቅ፣ ሦስቱን እድፎች አለመለየት ነው፤ መወገድ ያለበት እድፍ በጋኑ ላይ ሳይሆን በእኛ ላይ ነበር።

ያ የተሰነጠቀው እንስራ ምን ሆነ? አያቴ አልጣሉትም። የታችኛው ግማሽ የዶሮ ውኃ መጠጫ ሆነ፤ አንዱ ስባሪ ለቡና ዕጣን ፍም መያዣ ገል ሆኖ ለዓመታት አገለገለ፤ የተረፈውን የሸክላ ሠሪ ሴት መጥታ ወሰደችው። ለምን እንደፈለገችው ያን ጊዜ አልገባኝም ነበር። አሁን ግን አውቃለሁ፤ ፈጭታ ከአዲሱ ጭቃዋ ጋር ልትቀላቅለው ነበር። በእኔ ስንፍና የተሰበረው እንስራ የሌላ ሰው እንስራ እንዳይሰነጠቅ ረዳ ማለት ነው።

ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ በየጓዳው ያለውን አንድ አሮጌ ሸክላ አንሥታችሁ ተመልከቱት። ከማጠባችሁ በፊት እናቶቻችሁን «ይህ ጥቁረት ከምን መጣ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም በዕለቱ ጻፉት። ዕቃውን ከማጽዳት ይልቅ ለነገ የሚጠቅመው ይህ መልስ ሊሆን ይችላል።